ጀርባውን የሰጠ ስልክ

አናጢው እውነቱ ከአርባ ምንጭ አዲስ ስልክ ገዝቶ መጣ ሲባል፣ ዓባይነህ ገና ሳያየው ናቀው። ማሽላ ነጋዴው ዓባይነህ በምላሱ ጂንካን ያስፈራ ሰው ነው። ስም ያላወጣለት ጎረቤት፣ ያልቀለደበት ሬሳ የለም። እውነቱ ደግሞ የልጅነት ወዳጁ ነው፤ ዓባይነህ ሲያወራ ዝም ብሎ የሚሰማ፣ መልካም ሰው።

ወደ እውነቱ ግቢ የሄደው ግን ለስልኩ ብሎ አልነበረም። የእውነቱ ልጅ ሚልክያስ፣ ቱርሚ ላይ ትንሽ ሆቴል ያላቸውን የአቶ ንጉሤን ልጅ ሊድያን ወዶ፣ ለእሁድ ሽማግሌ ሊላክ ተቆርጧል። ከሽማግሌዎቹ መሀል ብድግ ብሎ ቃሉን የሚናገረው ዓባይነህ እንዲሆን እውነቱ ለምኖታል። ዓባይነህ ለዚህ ነገር ጓጉቷል፤ እንቅልፍ እስኪያጣ ጓጉቷል። ባለፈው ዓመት በሰፈሩ ስንት ሰርግ ሲደገስ ለሽምግልና የጠራው አልነበረም። ምቀኝነት ነው ብሎ ለራሱ ነግሮታል። አሁን ግን ሁሉም ያየዋል፤ ነጭ ጋቢውን እንኳ አሳጥቦ አስቀምጧል።

ከማንጎው ሥር ተቀመጡ። የእውነቱ ሚስት ሐና ሻይ ቀዳች።

"እስቲ የጨቅላውን ፊት አሳየኝ" አለ ዓባይነህ፤ እውነቱ ስልኩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበርና።

እውነቱ እያፈረ ጨርቁን ፈታ። መስታወቱን በጣቱ ነካው። ስልኩ ዝም። ደግሞ ነካው። ስንት ዓመት መጋዝና መዶሻ ያደደረው ጣት አልተሰማውም።

"አያውቅህም እኮ! ባለቤቱን የማይለይ ውሻ እንኳ አይቼ አላውቅ!"

ሚልክያስ መጥቶ አንዷን ቀይ ነጥብ ለአባቱ አሳየውና እናቱ አጠገብ ሄዶ ቆመ፤ ከዓባይነህ ኋላ ማለት ነው። እውነቱም ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ ራሱ፣ ጀርባውን ወደ ዓባይነህ አድርጎ አቆመው። ከዚያ አጎንብሶ ማፍጠጥ ጀመረ።

ዓባይነህን ይህ አናደደው። እንግዳ ተቀምጦ እያለ ለዕቃ ማጎንበስ! ዕቃውስ ቢሆን ለሰው ጀርባውን ይሰጣል? ስልኩ እያየው ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ በምን ያስብ? ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ቱርሚ ገበያ ፈረንጁ መጀመሪያ በዋጋ ይስማማል፤ ከዚያ ይንበረከክና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ረጅም መነጽር ይደግናል። ሐመሮቹም ያኔ ቀጥ ይላሉ። ዓይን ላይ ያልተደገነ ነገር ፎቶ አያነሳም፤ አለቀ።

"ስልክ ማለት ይደወላል፣ ይነሳል፣ ይዘጋል" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። በላስቲክ የታሰረች ባለቁልፍ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። "የኔዋ አንዴ ከጠገበች ኦሞ ወንዝ ዳር ዱስ ደርሳ ትመለሳለች፣ ሌሊት ባትሪ ትሆናለች። ያንተው ከቀትር በፊት ይርበዋል። ደግሞ ሲያዩት የሚዳሰስ፣ የሚሻሽ! ስልክ ነው ወይስ ድመት?"

እውነቱ ቀና አላለም። ዓባይነህ ባሰበት።

"ይህን ይዘህ ቱርሚ ብትሄድ ንጉሤ ምን እንደሚልህ ልንገርህ?"

ተነሣ። ሆዱን ነፋ፤ አገጩን ወደ ውስጥ ሰበሰበ፤ የንጉሤን አማርኛ ቃሉን እየጎተተ፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገ ተናገረ። ንጉሤ ሲጸልይ፣ ንጉሤ ክፍል ሲያከራይ፣ ንጉሤ ፈረንጅ ሲቀበል። "እንግዲህ አፉን በአማርኛ ያልፈታ ሰውዬ ፊት ቆሜ ልጅዎን ይስጡን ልል ነው! ለወዳጅነት ስል እንጂ!" ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"ቆይ፣ ቀርጿል መሰለኝ" አለ እውነቱ በለሆሳስ። ስልኩን አዞረው።

ዓባይነህ በዚያች መስታወት ውስጥ ራሱን አየ። መጀመሪያ ናቃት፤ አሳጥራኛለች ሊል ነበር። ከዚያ ያ ሰውዬ ሆዱን ነፋ። ከኋላው ሐና ቴርሞሱን እንደያዘች ቀርታለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ሐና የአገሩ ተወላጅ አሪ ናት፤ የምትናገረው አማርኛ ያው የንጉሤ አማርኛ ነው፤ በዚያው አማርኛ "ብሉ፣ ጠጡ" እያለች ስንት ዘመን አብልታዋለች። ሚልክያስ ጥርሱን ነክሶ እናቱን ያያል። ሳቅ ይሰማል። ዓባይነህ አብሮት የሚስቅ ሰው ፈለገ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። የሚስቀው እሱ ብቻ ነበር።

ስልኩ ዝም አለ።

"ዓባይነህ" አለ እውነቱ፤ አልተቆጣም፣ እውነቱን ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር፤ "እኔ ዘወር ስልም እንዲህ ነው የምታደርገኝ?"

ዓባይነህ ባለቁልፍ ስልኩን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ።

ሚልክያስ ቀረብ አለና በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ የቱርሚ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ያደክምዎታል" አለው። "እሁድ እርስዎ ይረፉ። ሌላ ሰው እንለምናለን።"

ሐና የቀዘቀዘውን ሻይ ከፊቱ አንስታ ደፋችና ትኩስ ቀዳችለት። ስኳሩን ጨምራ ራሷ አማሰለችለት። "ይጠጡ እንጂ፣ ጋሼ" አለችው።

ቢሰድቡት መልስ አያጣም ነበር።