የሁለተኛዋ ገረድ መልስ

ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚያሳየው አንድ ድራማ ነው። ደራሲው ከሞተ ቆይቷል፤ ድራማው ግን አላረጀም። የሀብታም ቤት ነው። ትልቅ መስተዋት ይሰበርና አንደኛዋ ገረድ «አንቺ ነሽ» ተብላ ልትባረር ነው። ያኔ እመቤቲቱ ወደ ሁለተኛዋ ገረድ ዞራ «አንቺስ? ምን አየሽ?» ትላለች። ሁለተኛዋ ገረድም «እመቤቴ፣ መስተዋቱን የሰበረው ልጅዎ ነው» ብላ እቅጩን ትናገራለች። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። በቤታቸው ሦስት ሠራተኛ የሚያዙ ወላጆች ሳይቀሩ ቆመው ያጨበጭባሉ። አሥራ አንድ ዓመት መወልወያዬን ተደግፌ ከኋላ በር አይቼዋለሁ፤ አሁንም ይገርመኛል።

ዘንድሮ ሁለተኛዋ ገረድ የሆነችው ልጄ ናት።

ልጄ እዚያ የምትማረው በነፃ ነው። እኔ የጽዳት ሠራተኛ ስለሆንኩ ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ፈቅደውልን ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ይቸኩላሉ እንጂ ክፉ አይደሉም። የችኮላቸውን ዋጋ የሚከፍልላቸው ግን ሌላ ሰው ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት እኔና እታለም አዳራሹን እየወለወልን ነበር። እታለም እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ሁላችንም እንዲያ እንላታለን። ከእኔ ቀድማ የገባች፣ ሥራውን እጄን ይዛ ያስተማረችኝ ታላቄ ናት። ምክትሏ መድረኩን ሊያዩ ገብተው በስልክ እያወሩ ዘወር ሲሉ የቦርሳቸው ማንገቻ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ጠለፈው። ድምፅ ማጉያው ከነመቆሚያው ተገንድሶ ወለሉ ላይ ተፈረካከሰ። ሲዞሩ ያዩት እታለምን ከነመወልወያዋ ነው።

«በእንጨትሽ ገፍተሽ ጣልሽው!»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም እትዬ! ልጆቼን!»

«ታዲያ በራሱ ወደቀ?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ምን አየሽ?»

እጄን በጋውኔ ላይ ጠረግሁ። እርጥብ አልነበረም፤ ግን ጠረግሁት። ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ በሐሳቤ ድቅን አለችብኝ።

«እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ አላየሁም» አልኩ።

ምክትሏ እታለምን እዚያው አሰናበቷት። እሷም የባልዲዋን ውሃ ደፋች፣ ባልዲውን አለቀለቀች፣ ቦታው መልሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የእሷንም ፎቅ የምወለውለው እኔ ነኝ። ቤቷ ከቤታችን ሁለት በር ቢያልፍ ነው፤ በዚያ ማለፉን ትቼ ዙሪያውን መሄድ ጀመርኩ። ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ነገ ሲደርስ ደግሞ የልጄ ፈተና ይለቅ እላለሁ።

ልጄን ቃሏን ያስጠናኋት እኔው ነኝ። እመቤት ሆኜ ወገቤን ይዤ «አንቺስ? ምን አየሽ?» ስላት ትመልስልኛለች፤ ዓይኔን ግን አታየኝም። በትዕይንቱ ቀን ጠዋት «እማ፣ ጋውንሽን አውሺኝ» አለችኝ።

«የድራማ ልብስ አላችሁ አይደል?»

«እሱ ዳንቴል አለው። የሚሠራ ሰው ልብስ አይመስልም።»

«እንግዲህ ጋውኔም ተዋናይ ሆነ በይኛ!» አልኳት። አልሳቀችም። ፈርታ ነው ብዬ ሰማያዊውን ጋውን ተኩሼ ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ምክትሏ ፊት ረድፍ መካከል ተቀምጠዋል። እኔ በቤት ቀሚሴ ከኋላ ቆምኩ። መስተዋቱ ተሰበረ፤ አንደኛዋ ገረድ አለቀሰች። እመቤት የሆነችው ተማሪ ዞረች።

«አንቺስ? ምን አየሽ?»

ልጄ እጇን በጋውኑ ላይ ጠረገች። መጀመሪያ መዳፏን፣ ከዚያ የእጇን ጀርባ። ክው አልኩ። እንዲያ የምጠርገው እኔ ነኝ።

«እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለች። «አላየሁም።»

እመቤቲቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ቀጣዩ ቃሏ «ልጄ ነው ያልሽኝ?» ነው፤ እንዴት ትበለው? አስተማሪው ከመጋረጃው ጫፍ ብቅ ብሎ «ልጅዎ ነው! ልጅዎ ነው!» እያለ ያንሾካሹካል። «ጠፋባት፣ ምስኪን» አለች አንዲት ወላጅ።

አልጠፋባትም። በሰው ራስ ላይ አሻግራ እኔን ታያለች። ለካ ያን ቀን ለልምምድ ቀድማ መጥታ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች! ሦስት ሳምንት ሙሉ አብራኝ እየበላች፣ አጠገቤ እየተኛች ስትጠብቀኝ ኖራለች።

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ተናደድኩም። «ለማን ብዬ ነው አፌን የዘጋሁት፣ ለአንቺ አይደል?» ልላት ነበር። ይኼን ሳስብ ነው ጥፋቴን በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ልጭን እንደነበር የገባኝ።

«አይቻለሁ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። የድራማው አካል የመሰላቸው ፈገግ አሉ። በወንበሮቹ መሃል ሄጄ ምክትሏ ፊት ቆምኩ።

«ድምፅ ማጉያውን የጣለው የቦርሳዎ ማንገቻ ነው። እታለም አልነካችውም። አይቼ ነው አላየሁም ያልኩዎት።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወዳለው ቦርሳ ሄደና ማንገቻውን ጨበጠ።

«አሁን ይኼ ቦታው ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

መድረኩ ላይ የልጄ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። «እመቤቴ፣ መስተዋቱን የሰበረው ልጅዎ ነው!» አዳራሹ እንደ ልማዱ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔን ያየኝም የለ። ምክትሏ ብቻ አልተነሱም።

«ሰኞ ጠዋት ቢሮ ትመጫለሽ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ። ስለ ልጄ ነፃ ትምህርት ምንም አላሉም። እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

«እመጣለሁ» አልኩ። «እታለምንም ይዤ ነው የምመጣው።»

ይኼን ያልኩት እሷን ሳልጠይቅ ነው። ድራማው ሳያልቅ ወጣሁ። ያን ቀን ዙሪያውን አልሄድኩም፤ በቀጥታ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

እጄን በቀሚሴ ላይ ጠረግሁ።

«እኔ ነኝ፣ እታለም» አልኩ። «አይቼ ነበር።»