በመረዋው ስም

መረዋው በሞተ በሦስተኛው ቀን የቲያትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ቢሮዬ መጥቶ የሐዘን መግለጫ መዝገቡን እኔ እንድይዝ አዘዘኝ። ከሁላችንም የእኔ የእጅ ጽሑፍ ያምራል ተብሎ ነው። ይኼ ሰው መረዋው በሕይወት ሳለ ድምፁን ሲሰማ በጓሮ በር የሚሾልክ ነበር፤ ዛሬ ጥቁር ከረባት አስሮ ካሜራ ባየ ቁጥር ዓይኑን ይጠርጋል። ልሰድበው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። እኔ ማንንም አስመሳይ ብዬ የመሳደብ መብት የለኝም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የቲያትር ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለመረዋው ይመጡ የነበሩትን የአድናቂ ደብዳቤዎች የመለስኩት እኔ ነኝ። ዘፋኙን መረዋ ያለው ሕዝቡ ነው፤ እውነትም መድረክ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይንቆረቆር ነበር። ብዕር ሲይዝ ግን አንድ መስመር አይገፋም። "አንቺ ልጅ፣ እንዳመጣልሽ ጻፊላቸው፤ ብቻ ሰው አታስቀይሚብኝ" አለኝ። ጻፍኩ። ፊርማውንም ተለማመድኩ። መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር ነበር፤ አመሰግናለሁ፣ ጤና ይስጥልኝ። እየቆየ ግን ብዕሬ ተፈታ። ባሏ ጥሏት የሄደባትን ማጽናናት፣ ፈተና የወደቀውን መምከር፣ የተጣሉትን ማስታረቅ ጀመርኩ። እነሱ ደግሞ እንዳንተ የሚያውቀኝ ሰው የለም እያሉ ይመልሱለታል። እሱ የት ያውቃቸዋል፤ የማውቃቸው እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር። ቤቴ ውስጥ ምክሬን የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ቢሮዬ ስገባ ግን ሁሉም የሚወደው ሰው እሆናለሁ።

እናም አዳራሹ መግቢያ ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ ተቀመጥኩ። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ አስፋልቱ ድረስ ደርሷል። መጻፍ የሚችል ይጽፋል፣ ላልቻለ እኔ እጽፍለታለሁ። መዝገቡ ዓርብ ዕለት ለመረዋው ሴት ልጅ ይሰጣል። አንድ ታክሲ ነጂ ሦስት ገጽ ጻፈ፤ ሦስቱም ስለ ራሱ ነው። ሁለት ወጣት ሴቶች ከመረዋው ፎቶ ጎን ቆመው ሲነሡ የትኛው ጎናቸው እንደሚያምር ተከራክረው ሰልፉን አቆሙት። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ግን ብዕሩን አንሥቶ ቆመ፣ ቆመና ምንም ሳይጽፍ መልሶ አስቀምጦት ሄደ። እሱ አንጀቴን በላው።

ብዙዎቹ ደብዳቤ ይዘዋል። በገዛ እጁ የጻፈልኝ ነው እያሉ ያሳዩኛል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የራሴን ጽሑፍ እያየሁ፣ ይገርማል እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ሙያዋን ያወቅኩት ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ ስለመጣች ነው። አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። ከትናንት በስቲያ ታክማ ሐኪሙ ማንበብም መጻፍም ከልክሏታል።

"እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊልኝ እኅቴ" አለችኝ። "ግን የምልሽን ሳታሳምሪ ጻፊው።"

እሺ አልኳት። ሳታሳምሪ ማለቷ ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

ቀስ እያለች ትነግረኝ ጀመር። "'አንተ ሰውዬ፣ ነፍስህን ይማር። ወንድሜ አልጋ ላይ ሳለ ጽፎልህ ነበር። አንተም መጥቼ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እዘፍንልሃለሁ ብለህ መለስክለት። አልመጣህም።'"

ክው አልኩ። ወንድሟን፣ አናጺውን፣ ወዲያው አስታወስኩት። ከጣራ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ ነበር። አልጋው ፊት ለፊት ያለውን መስኮት ሌላ አናጺ አዛብቶ ስለገጠመው፣ ከሕመሙ ይልቅ እሱን ቀን ሙሉ ማየቱ እንደሚያናድደው ይጽፍ ነበር። ደብዳቤው ብቻዬን ያስቀኝ ነበር። በሦስተኛው ላይ፣ አንድ ቀን አጠገቤ ሆነህ ብታንጎራጉርልኝ አለ። እኔም፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ዝናቡ እንዳባራ እመጣለሁ ብዬ መለስኩለት።

ለመረዋው ልነግረው አስቤ ነበር። ቲያትር ቤቱ በልምምድ ተወጥሮ ስለነበር ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ኋላ ደግሞ በስሙ ቃል መግባቴን ሲያውቅ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ራሱ ቢሮዬ ብቅ አለና ከነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል ናልን የሚለኝ የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም ጋሼ፣ ሁሉም ሰላምታ ነው አልኩት። ብነግረው ይሄድ ነበር። በእግሩም ቢሆን ይሄድ ነበር።

"ጻፍሽው?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ጽፌዋለሁ።"

"'ዝናቡ ካባራ በኋላ ወንድሜ በየቀኑ ጢሙን ይላጭ ነበር። እንግዳ ይመጣል እያለ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሺኝ ይለኝ ነበር። ቃል ባትሰጠው ኖሮ አይጠብቅህም ነበር።' ይኸው ነው፣ ጨረስኩ።"

ከኋላዋ የቆመ አንድ ሰው፣ በሐዘን መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል እንዴ ብሎ አጉረመረመ። እሷም ዞር ሳትል፣ እሱም ሞቷል፣ ወንድሜም ሞቷል አለችው።

እኔ የነገረችኝን አንድም ሳላስቀር ጽፌ ብዕሩን ይዤ ቀረሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ገጹን ገልብጬ ቀጣዩ ይምጣ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ዓርብ ልጁ መዝገቡን ትከፍትና አባቷ የታመመ ሰው አታልሎ እንደሞተ ታነባለች። እሱ ደግሞ ተነሥቶ አልዋሸሁም አይላት ነገር።

"እሱ አይደለም" አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። "ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ወንድምሽ መኖሩን እንኳ አልሰማም። አልነገርኩትም።"

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። በደህናው ዓይኗ ብቻ አየችኝ።

"ለምን አልነገርሽውም?"

ስለ ልምምዱ ልነግራት ጀምሬ አፈርኩ። "የሚጽፈው ለእኔ ይመስለኝ ነበር" አልኳት። "እሱ ቢሄድ ወንድምሽ ደብዳቤ መጻፉን ይተዋል ብዬ ሰጋሁ።"

ይኼን ለራሴም ብዬው አላውቅም ነበር።

ወንበሩን ስቤላት ተቀመጠች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ትጠመጥመው ጀመር።

"በመጨረሻው ቀን ሬድዮውን ክፈቺልኝ አለኝ" አለች። "በዚያ ሰዓት የእሱን ዘፈን ያሰሙ ነበር። ያ ውሸታም በዚህ ቤት ውስጥ አይዘፍንም ብዬ ነቀልኩት። ወንድሜ ግን፣ ተይ፣ ሥራ በዝቶበት ነው፣ አትፍረጂበት አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። በነጋታው የለም።"

ይቅርታ ልላት አሰብኩና ተውኩት። እንዲህ ላለ ነገር ይቅርታ ምኑ ነው? የአንድ ሰው የመጨረሻ ዘፈን በእኔ ምክንያት ተነቅሏል። መዝገቡን ወደ ራሴ ሳብኩና ያስጻፈችኝን ልሰርዘው እንደሆነ ጠየቅኳት።

"አትሰርዢው" አለች። "አሁን ያልሽኝን ከሥሩ ጻፊበት። በራስሽ ስም።"

ጻፍኩት። አራት መስመር ነው፤ ፊደሉ በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ አስቀያሚው ሆነ። ስሜን ከነአባቴ አኖርኩበት። መዝገቡን ወደ እሷ ሳዞረው ፋሻዋን በጣቷ ነካች።

"እኔ አላይም። አንብቢልኝ፣ ይስሙት።"

አነበብኩት። ሰልፉ ላይ ደብዳቤ የያዙት ሁሉ ሰሙ። አንዳንዱ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየት አደረገ፤ ጡረታ የወጣች ነርስ የምትመስል ሴት የራሷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች።

"ወንድሜ ልክ ነበር" አለች። "ሰውየው አልዋሸም።"

ለእኔ አይደለም ያለችው፤ ከጀርባዬ ያለውን ፎቶ እያየች ነው። ደረጃውን በአንድ ዓይኗ እየለካች መውረድ ስትጀምር ልደግፋት ተነሥቼ ተከተልኳት። ክንዷን ከእጄ ቀስ ብላ አወጣችና ግድግዳውን ይዛ ወረደች።