ለዝምተኛ ሴት የሚሆን ሽቶ

ባሌን ማረውን ጨው ግዛ ብዬ ወረታ ገበያ ብልከው ሽቶ ይዞ መጣ። ጨውም አላመጣም። ሽቶው «ዝናብ» ይባላል። ወረታ ላይ መሠረት የምትባል ባለሱቅ አለች፤ ለሰው ሁሉ እንደየጠባዩ የሚሆን ሽቶ አለው ብላ ነው የምትሸጥ። ከስልኳ እያነበበች የጽጌረዳው ለሣቂታ፣ የሎሚው ለችኩል፣ የዝናቡ ግን ለዝምተኛ፣ ለታጋሽ፣ ነገር በሆዷ ለምትይዝ ሴት ነው ትላለች። ከዚያ የባለቤትህ ጠባይ እንዴት ነው ብላ ማረውን ጠየቀችው። እሱም ዝምተኛ ናት አለ።

እኔ ሰገን ነኝ። መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ላይ ላሟ ወንዝ የተሻገረችበት ሰው ራሱ አይጣራም፤ መጥቶ እኔን ነው የሚያስጮኸኝ። ይቺ ዝምተኛ ማን ናት ብዬ ማረውን ሦስት ቀን አፋጠጥኩት። ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል ብዬም ጠረጠርኩ። ሲጨንቀው «ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ሚስቴ ለፍላፊ ናት ልበል?» አለኝ። ይሄ ከሌላ ሴትም ይብሳል። በአራተኛው ቀን ጧት፣ በንዴት፣ ሽቶውን ካንገቴ እስከ ክንዴ ተቀባሁት። የአበባ ነገር የለውም። በደረቅ ዋልካ አፈር ላይ የመጀመሪያው ካፊያ ሲያርፍ የሚሸተው ነው፣ ቁርጥ እሱን። ግንቦት ሃያ ስምንት ነበር፤ ማሳው ሁሉ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል።

አማቴ፣ የማረው አባት አያ ይርዳው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አፍንጫቸው ግን የአገር ሀብት ነው። ዝናብ ከጣና ወገን ሲነሣ፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ለእሳቸው ቀድሞ ይሸታቸዋል። ዝሩ ካሉ ሰው ሩዙን ይዘራል፤ ቆዩ ካሉ ይቆያል። ቀድሞ የዘራ ለወፍ ዘራ፣ የዘገየን ደግሞ ጎርፍ ይቀድመዋል። አርባ ዓመት እንዲህ ሲሉ አንድም ቀን አልሳቱም። ጎረቤታችን ውባየሁ የአየር ትንበያ በሬዲዮ ይሰማል፤ የሚሰማው ግን ሬዲዮው እሳቸው ካሉት ጋር ይስማማ እንደሆነ ለማየት ነው።

ያን ዕለት ጧት ፊታቸውን ላስታጥባቸው ጎንበስ ስል አማቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቀሩ። ያፈሰስኩላቸው ውሃ በጣታቸው መሐል ወርዶ አለቀ።

«መጣ» አሉ። «ዛሬ ማታ ይጥላል። ለሰው ንገሩ።»

ማረው ሮጦ ለሰው ነገረ። ቀትር ሳይሆን ባዶ ማሳ አልነበረም፤ ሁሉም ይዘራል። እኔም ዘር አቀበልኩ። ማታ ሰማዩ ጥርት አለ። በነጋታው እንደገና ተቀብቼ ቁርስ ሳቀርብላቸው፣ «አሁንም አለ፣ ቅርብ ነው፣ እዚሁ ደጃፉ ላይ ቆሟል» አሉ። ደጃፉ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ለማረው ነግሬው፣ ለአማቴም ለአገሩም ልናገር ስነሣ ክንዴን ያዘኝ። አርባ ዓመት የታመነ አፍንጫ በምራቱ ሽቶ ተታለለ ተብሎ ይሳቅበት? ዝናቡ እንደሆነ ነገ ካልሆነም ከነገ ወዲያ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ሁሉም ይረሳል። «ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ለአማቴ ስም ብዬ ተውኩት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ የውባየሁን ምላስም ፈርቻለሁ። ሽቶውን በጨርቅ ጠቅልዬ ጎታ ሥር ሸሸግሁና አፌን ለጎምኩ።

ዝናቡ አልመጣም። ሁለት ሳምንት ፀሐይ። የሩቁ የይፋግ ወፍ ሳይቀር ተጠራርቶ የዘራነውን ለቀመው። ሰው አማቴን አንድ ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ የከፋውም ይሄ ነው። ጧት ጧት በደጃችን ያልፉ የነበሩት በሌላ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ውባየሁ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ።

እኔ ደግሞ አንዱን ነገር ስናገር ሌላው ተከትሎ እንዳይወጣ ፈርቼ ሁሉንም ተውኩት። ከብት አልጣራሁም፤ ማረውንም አልሰደብኩም። ቤቱ ጭር አለ። ማረው ሽቶው ሠራ መሰለኝ አለ።

አማቴ ከጉርሻ ወዲያ አልበላም አሉ። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸውን ቄስ መባን አስጠሩ። ዓይኔ ሄደ፣ አፍንጫዬም ሄደ፣ ቀጥሎ የምሄደው እኔ ነኝ አሏቸው። ከዚያ እኔን ጠርተው መገነዣቸውን ከሣጥን አውጥቼ እንዳናፍሰው አዘዙኝ። ፀሐይ አልጠፋም፤ አሰጣሁት። እያሰጣሁ አለቀስኩ።

የሰኔ ሚካኤል ደረሰ። እሳቸውን ግራና ቀኝ ደግፈን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሽቶውን ስመለስ ወንዝ ልጥለው በጉያዬ ይዣለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጠበል ጻዲቅ ሊቀምስ ዛፉ ሥር እንደተቀመጠ አማቴ በምርኩዛቸው ተነሡ። «አርባ ዓመት ሰማችሁኝ። ዘንድሮ ዘራችሁን አስበላሁት። ይቅር በሉኝ» አሉና መሬት ሊስሙ ጎንበስ ማለት ጀመሩ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ብድግ አልኩ።

«እሳቸው አልሳቱም» አልኩ። «የሸተትኳቸው እኔ ነኝ።»

ሽቶውን አውጥቼ ከማረው ውሸት ጀምሮ ሁሉንም ተናገርኩ። ቄስ መባ ጠርሙሱን ተቀብለው አሸተቱና ዝናብ ነው አሉ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ውባየሁ አሸተተ፣ ሰማዩን አየ፣ እንደገና አሸተተ። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ማንም አልሳቀም። ዘራችንስ አለ ውባየሁ። ከጎታችን እንተካለን አልኩ፤ ማረው አንገቱን ደፋ።

መጨረሻ ላይ ጠርሙሱ አማቴ እጅ ገባ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። እርግማናቸውን ጠበቅሁ።

«ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ዝም ያልሽው በዚህ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«እኔ እኮ ልሞት መሆኔን አውቀሽ የደበቅሽኝ መስሎኝ ነው» አሉ። «አንቺ ዝም ካልሽ ሌላ ምን ይሆናል ብዬ።»

ስማቸውን አዳንኩ ብዬ በዝምታዬ መገነዣ ያስወጣኋቸው እኔው ነኝ። ሰው እያየኝ እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። እሳቸው ከዳቦው ቁራሽ ጠየቁ፤ በልተው ሌላ ጠየቁ።

ስንመለስ ልመራቸው እጄን ብሰጣቸው እምቢ አሉ። ፊት ፊት ሂጂና ተናገሪ አሉኝ። የሁለት ሳምንት ነገር ተከማችቶብኛል፤ ከማረው ጀመርኩ። ቦዩን ተሻግረን፣ በማሳው ዳር አልፈን፣ ደጃችን እስክንደርስ አላቋረጥኩም። አማቴ በምርኩዛቸው መሬቱን እየመቱ ድምፄን ተከትለው መጡ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናከሉም።