ዝናብ አልነበረም

ባንዳችን ሦስት ሰው ነው። እኔ እዘፍናለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ድራም ይመታል፣ ቀጭኑ የምንለው ጓደኛው ደግሞ ግጥምና ዜማውን ይደርሳል፣ ጊታርም ይጫወታል። የምንለማመደው ከወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነው። የእንጨቱ ብናኝ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ይውላል፤ ወንድሜ ግን ለድምፅሽ ጥሩ ነው ይለኛል።

ቀጭኑ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ስምንት ዘፈን ሠርቷል። ስምንቱም ስለ እሷ ነው። ሰው ወደደልን። እኔም መልኳን እንኳ ሳላውቅ በየመድረኩ ስለ እሷ ሳለቅስ ሁለት ዓመት ሞላኝ።

ከዚያ ሴትዮዋ ተመለሰች።

መታረቃቸውስ እሰየው ነው። የቸገረኝ ልምምድም አብራው መምጣቷ ነው። በሩ አጠገብ፣ ቀለም ያልተቀባ ወንበር ላይ ትቀመጥና ሹራብ እየሠራች ታዳምጣለች። ዘጠነኛውን ዘፈን ስንጀምር፣ በዝናብ ጥለሽኝ ሄድሽ አልኩ። ቀና እንኳ ሳትል ያን ቀን ዝናብ እንዳልነበረ ተናገረች። ቀጭኑ በፀሐይ ብሎ ቢለውጠው ቤት አልመታ አለ። እንደገና ጀመርን። እጅሽን ይዤ ስለምንሽ የሚለው ጋ ስደርስ ደግሞ ማንም እንዳልለመናት አስታወቀች። ወንድሜ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ያዘ።

እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመጀመሪያው ስንኝ ፈቀቅ አላልንም። የዘፈኑ ቀረጻ አራት ቀን ሲቀረው ትዕግሥቴ አለቀ።

"እሺ እህቴ፣ አንቺው ንገሪንና እንገላገል" አልኳት። "ያን ቀን ምን ሆነ?"

ሹራቧን አጣጥፋ አስቀመጠች።

"ተኝቶ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ አልጋው አጠገብ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ቢነቃ ኖሮ እቀር ነበር። እንዳልቀሰቅሰው ኩራቴ ያዘኝ።"

ቀጭኑ የተቃኘውን ጊታር እንደገና ሲቃኝ ቆየ።

"ነቅቼ ነበር" አለ በመጨረሻ። "እስክትወጪ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጠበቅሁት። ብለምንሽ እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

ተነሥታ ወጣች። እሱም ተከትሏት ወጣ።

ማዘን የነበረብኝ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሁለቱ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ሁለት ዓመት ባልተለያዩ፣ እኔም በሰው ኩርፊያ ጉሮሮዬን ባልጨረስኩ። በንዴቴ እስክሪብቶ አንሥቼ የተናገሩትን እንዳለ ጻፍኩት፤ አንዱን ስንኝ በእሷ አፍ፣ ሌላውን በእሱ አፍ። ወንድሜ አነበበው። ዱላዎቹን አነሣና ቀስ ብሎ መምታት ጀመረ።

በማግሥቱ አብረው መጡ። ዓይኗ አብጧል። ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ሁለቴ አንብባ መለሰችልኝ። አንድም የሚታረም አላገኘችበትም።

ዘፈኑ ተቀረጸ። ከስምንቱ ሁሉ በላይ የተወደደልንም እሱ ሆነ፤ በሄድንበት ሁሉ እሱን ካልዘፈንሽ ይሉኛል። እኔ ግን በጀመርኩት ቁጥር የሚመጣውን ስለማውቅ ቀበቶዬን አጥብቄ ነው። ሁለተኛው ስንኝ፣ ነቅቼ ነበር የሚለው ጋ ስደርስ ቀጭኑ ጊታሩን ያስቀምጥና ከመድረክ ይወርዳል። እሷም ተመልካቹ መሃል ከተቀመጠችበት ትነሣለች። ተያይዘው ከአዳራሹ ይወጣሉ። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ፤ እሺ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም ይለኛል።

እኔና ወንድሜ ያለ ጊታር እንጨርሰዋለን።