የመረረው ዝኩኒ

ኦሜር የዝኩኒ ዘር ገዝቶ አያውቅም። በየዓመቱ አንዱን ፍሬ ሳይቆርጥ ይተወዋል። ሕፃን አክሎ ልጣጩ እንደ እንጨት ሲጠነክር ይሰነጥቀውና ዘሩን ከነዝልግልጉ ዝቆ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ውሃው አረፋ ደፍቆ ሲሸት ሚስቱ ጎድሊቭ አፍንጫዋን ትይዛለች።

"ይሄን ክርፋት ከወጥ ቤቴ አውጣልኝ!"

"ሸተተ ማለት ዘሩ ጸዳ ማለት ነው። ደግሞ ስትቆጪ ነው የምታምሪው።"

በዚያ ዓመት ዝኩኒው ከወትሮው ፈጥኖ አፈራ፤ አረንጓዴነቱ ወደ ጥቁር ያደላ ነበር። ጎድሊቭ በሽንኩርትና በቅቤ ሾርባ ሠራችው። አንድ ማንኪያ ቀመሰችና መልሳ ተፋችው።

"ኦሜር፣ ይሄ ሐሞት ነው። ልድፋው።"

"ዝናብ ስለጠፋ ነው እንጂ ምን ሆነ? እናቴ ምግብ ስንደፋ ብታይ ከመቃብሯ ትነሳ ነበር!"

ዳቦ እየነከረ ሳህኑን ጨረሰና ደገመ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል "ትኩስ ስለሆነ ነው" አለ።

ከሰዓት በኋላ ያስመልሰው ጀመር። ቀጥሎ ደም መጣ።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ልጅ እግር ነበረች። ስለ መራራው ሾርባ ከጎድሊቭ ሰማች።

"የዝኩኒውን ዘር ራሳችሁ ነው ያስቀራችሁት?"

"አዎ፣ ባለቤቴ ነው።"

"አምና በአቅራቢያችሁ ለጌጥ የሚሆን ቅል የተከለ ሰው ነበር?"

የጎረቤታቸው የማርሴላ አጥር ጎድሊቭ ፊት ድቅን አለባት፤ አምና ባለቀለም ቅል ተንዠርጎበት ነበር።

"ንብ የቅሉን አበባ ብናኝ ወደ ዝኩኒው ወስዳለች" አለች ሐኪሟ። "የአምናው ፍሬ አይለወጥም፤ ከዘሩ የሚበቅለው ነው መርዝ የሚሆነው። ለሌላ ሰው ሰጥታችኋል?"

ኦሜር በጸደይ ችግኙን በጋሪ እየገፋ ለሰፈሩ ሁሉ አድሎ ነበር።

ጎድሊቭ ለሁሉም ደወለች። ማርሴላ ብቻ ስልኳን አላነሳችም። ባሏን ትታ ታክሲ ያዘች።

በጓሮ ስትገባ የማርሴላ ሴት ልጆች ማንኪያ ይዘው ጠረጴዛውን ከበዋል፤ ድስቱ ምድጃ ላይ ይፈላል።

"እትዬ ጎድሊቭ፣ አማትዎ ይወዱዎታል! ይቀመጡ። ትንሽ መረር ብሎኝ ስኳር ጣል አድርጌበታለሁ።"

ጎድሊቭ የፈላውን ድስት በባዶ እጇ አንስታ ደጅ ደፋችው።

"ልጆቹ ቀምሰዋል?"

"ኧረ ገና! ምን ነካዎት? እጅዎ ተቃጠለ እኮ!"

ሆስፒታል ስትመለስ ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። አንሶላው ኦሜርን እስከ ራሱ ሸፍኖታል።

ከቀብሩ በኋላ ጎድሊቭ ከማርሴላ ጋር ቤት ለቤት እየዞረች ተክሉን ሁሉ ነቀለች። ስለ ቅሉ ለማርሴላ ትንፍሽ አላለችም። የመጨረሻው ጎረቤት ጋ ሲደርሱ ሰውዬው፣ "የተረፈችውን ችግኝማ ኦሜር ገበያ ላይ ለአንድ መንገደኛ ሰጣት፤ አጠገቡ ነበርኩ" አለ።

"ማን ነው እሱ? ከየት ነው?" አለች ጎድሊቭ።

"እኔ እንጃ። ኦሜርም አልጠየቀውም።"