ማብሪያው አልጠፋም ነበር

እስከዳር ደባርቅ ውስጥ፣ በጋሽ ሰብስቤ የእንጨት ሥራ ቤት የመጋዝ ማሽን መማር ከጀመረች አራተኛ ወሯን ይዛለች። ጋሽ ሰብስቤ በማሽን ቀልድ አያውቁም። ነጠላዋን አውልቃ ጸጉሯን ካላሰረች አያስጠጓትም። "መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፊ፤ ሶኬቱንም ንቀይ" ይሏታል በየቀኑ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባሕር ዛፍ ጣውላ እየሰነጠቁ ሳለ መብራት ሄደ። ጋሽ ሰብስቤ ተናደዱና "እንግዲያው ስለቱን እንቀይረው" ብለው መፍቻ አነሱ። እስከዳር ማብሪያው እንዳልጠፋ አየች። ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ሃያ ዓመት ማሽን ላይ የቆዩትን መምህሯን ማረም ድፍረት መሰላት።

ብሎኑን ፈትተው ሳይጨርሱ መብራት መጣ፤ ስለቱም እጃቸው ላይ ዞረ።

እስከዳር ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች፤ ግን የቀኝ እጃቸው አራት ጣቶች ተቆርጠው ነበር። እጃቸውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ባገኘችው ሚኒባስ ጎንደር ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ሐኪሞቹ ጣቶቹን መመለስ አልቻሉም።

በሦስተኛው ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ዝምታው አልቻል አላት።

"ጋሼ፣ ማብሪያው እንዳልጠፋ አይቼ ነበር።"

ጋሽ ሰብስቤ ትክ ብለው አዩዋት። "ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እርስዎን ማረም ከብዶኝ።"

"እንዲህ አስፈርቼሻለሁ ለካ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ደባርቅ ሲመለሱ ማሽኑን ሸጡት። እስከዳር ገዢዎቹ መኪና ላይ ሲጭኑት ደጃፉ ላይ ቆማ አየች። አንድም ሰው አልወቀሳትም፤ እሷን ግን ይኸው ባሰባት።