የአሥራ አንድ ጣት ዲስኮች

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላልና እኔም አላሳንስም። የባሌን እጅ የሚያክል እጅ በዚህ ከተማ አልነበረም። ኪቦርድ ሲጫወት ያዩት ሰዎች «ይሄ ሰውዬ የሆነ ቦታ ሌላ ጣት ደብቋል» እያሉ አሥራ አንድ ጣት የሚል ስም አወጡለት፤ እውነተኛ ስሙን ከኔና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ትልቋ ልጄ ደግሞ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፍታ፣ ሌላው «ሞቷል፣ ጣሉት» ያለውን ዕቃ ሁሉ ነፍስ ትዘራበታለች። እሳት የላሰች ናት። በማን እንደወጣች አልናገርም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አምና ባሌን ስትሮክ መታው። ምላሱ ቀስ እያለ ተመለሰለት፣ ቀኝ እጁ ግን በዚያው ቀረ። ጭኑ ላይ አስቀምጦት ይውላል፤ በግራው አንስቶ ቦታ ሲቀይርለት ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ትንሿ ልጃችን ልታገባ ስትነሳ ቤቱ ሁሉ በደስታ ሲንጫጫ፣ እሱ ብቻ አቀርቅሮ ቀረ። ለምን እንደሆነ አልጠፋኝም። ገና ስትድህ ጀምሮ «የሠርግሽ ቀን ስትገቢ የምጫወትልሽ እኔ ነኝ» ይላት ነበር። የሚጫወትላትም በተወለደች ሰሞን ያወጣላትን ዜማ ነው። ያን ዜማ ለሚጫወትበት ባንድ አልሰጠውም፣ ወረቀት ላይም አላሰፈረውም፤ ለሠርጓ ብሎ አስቀመጠው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግራ እጁን ወደ ቁም ሳጥኑ ቀሰረና «ዲስ... ዲስኩ ላይ አለ» አለኝ።

ከላይኛው መደርደሪያ የጫማ ካርቶን አወረድኩ። ውስጡ ፍሎፒ ዲስኮች፣ በላያቸው የእጅ ጽሑፉ። የድሮው ኪቦርዱ የተጫወተውን ሁሉ እነሱ ላይ ያስቀምጥለት ነበር። ኪቦርዱ ራሱ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎ ከተጣለ ቆይቷል።

ትልቋ ካርቶኑን ይዛ ጥገና ቤቷ ገባች፤ እኛም ተከተልናት። ባሌ ወንበር ላይ፣ እኔ አጠገቡ። የሙሽራው ወንድም ደግሞ «ልርዳ» ብሎ መጥቷል፤ ባንክ ውስጥ የሚሠራ፣ ሁሉን ነገር ቶሎ ቶሎ የሚያደርግ ሰው ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ለእንዲህ ያለ ዲስክ መክተቻ እንኳ የለውም፤ በገመድ የሚሰካ ማንበቢያ አመጣች። ዲስኩን ስታጎርሰው ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበና «ይህ ዲስክ ፎርማት አልተደረገም። ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጻፈ።

«እሺ በይዋ!» አለ የባንኩ ሰው፤ እጁም ካፉ ቀድሞ ሄደ።

ትልቋ እጁን ቀብ አደረገችው። «ፎርማት ማለት ማጥፋት ነው እኮ! እሺ ብትለው ዜማውን ጠራርጎ ባዶ ዲስክ ያስታቅፍሃል።»

«እኔ ማስተካከል መስሎኝ...»

«ባንክም እንዲህ ነው የምታስተካክሉት? እንግዲያው ነገ ሄጄ ገንዘቤን አወጣለሁ» አልኩት። ባሌ በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

ትልቋ በየዲስኩ ጥግ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ እየገፋች ከፈተች፤ እንዲያ ከሆነ ማንበብ እንጂ መጻፍም ማጥፋትም አይቻልም አለችን። ከዚያ ማንበቢያውን አጸዳች። ሌላ ማንበቢያ ተዋሰች። ሆዱ የተከፈተ አሮጌ ኮምፒውተር ከጓሮ አውጥታ በእሱም ሞከረች። ኸርርር ይላል፣ ጥቂት ያነባል፣ ይሰናከላል።

«በቃ ዲስኮቹ አርጅተዋል፤ ሞተዋል ማለት ነው» አለ የባንኩ ሰው። የባሌ ዓይን መሬት ወረደ። እኔ ግን ልጄን ነበር የማየው። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ከንፈሯን ስትነክስ እጅ አልሰጠችም ማለት ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለችና ከካርቶኑ ለየት ያለ ዲስክ መዘዘች፤ ከኪቦርዱ ጋር ከፋብሪካ የመጣ ነው። አጎረሰችው። ያለ አንዳች ማንገራገር ተነበበ።

«ያረጁት እኩል ነው» አለች። «የፋብሪካው ይነበባል፣ አባዬ የጻፈባቸው አይነበቡም። እንግዲህ የታመሙት ዲስኮቹ አይደሉም፤ ኪቦርዱ ነው። እማዬ፣ ያ ኪቦርድ አንድ ነገር ሆኖ ያውቃል?»

ያን ጊዜ ብልጭ አለልኝ። «ወድቋል እንጂ! ገና በተገዛ ሰሞን፣ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ! ትንሿን አርግዤ ነበር፤ በድንጋጤ እዚያው ልወልዳት!»

ከዚያ በኋላም ኪቦርዱ ይሠራ ነበር። ነገር ግን የባንዱ ሌላ ኪቦርዲስት ዲስክ ሲዋስ በራሱ ኪቦርድ ላይ እምቢ ይለው ነበር። «የአሥራ አንድ ጣት ዲስክ ከጌታው በቀር ማንንም አያናግርም» እያለ ይስቅ ነበር። ባሌ ይህን ስናገር ሰማና ግራ መዳፉን ዘርግቶ ወደ አንድ ጎን አጋደለው። «ጠ... ጠማማ» አለ።

«አዎ አባዬ!» ትልቋ ብድግ አለች። ዲስክ ላይ የሚጻፈው እንደ እርሻ ትልም በክብ በክብ መስመር ነው አለችን። ኪቦርዱ ሲወድቅ የሚጽፈው ጭንቅላት ከቦታው ሸሽቷል፤ ስለዚህ ትልሙን ሁሉ ፈቀቅ አድርጎ አርሷል። ራሱ ሲያነበው በዚያው ጥመቱ ስለሚመለስ አይቸገርም። ጤነኛ ማንበቢያ ግን ቀጥ ብሎ ሲሄድ ከትልሙ ይስታል።

«ታዲያ ኪቦርዱ የለም፤ ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ጤነኛውን ማጣመም ነዋ።»

የአሮጌውን ኮምፒውተር ማንበቢያ ፈታች። ጭንቅላቱን የሚነዳውን ሞተር ሁለት ብሎኖች ይዘውታል። ከመንካቷ በፊት በጥፍር ቀለም የነበረበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገች፤ ያውም ሙሽሪት ለሠርጓ የገዛችው ቀለም። በካቻቢቴ ላላ አደረገች፣ የፀጉር ያህል ገፋች፣ አጠበቀች፣ ሞከረች። ኸርርር። ወደ ሌላው ጎን ገፋች። አሁንም ኸርርር። የባንኩ ሰው ሁለት እጆቹን ኪሱ ከቶ ቆሟል፤ ቶሎ ይማራል፣ አይከፋም። እሷ ገና እየገፋች፣ እየሞከረች ሳለ ድምፁ ተለወጠ። ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ እያለ ሳይሰናከል ሄደ፤ ስክሪኑም ላይ የዜማዎቹ ስም ተደረደረ። አንደኛው የትንሿ ስም ነበር።

«የኔ ልጅ ናት!» ብዬ ጮህኩ። በመንገድ የሚያልፉት ዞረው አዩኝ፤ ይዩኝ።

ዜማውን የተዋስነው ኪቦርድ ላይ አጫወተችው። ያ ዲስክ የያዘው ድምፅ አይደለም፤ ጣቱን ነው የያዘው፤ የትኛውን ቁልፍ፣ መቼ፣ ምን ያህል ጠንክሮ እንደነካ። ስለዚህ ባሌ ራሱ ተቀምጦ የሚጫወት ያህል ነበር፣ መቸኮሉና ማቅማማቱ ሳይቀር። አለቀስኩ። አላፍርም።

መሃል ላይ ግን ቀኝ እጅ ድንገት ጠፋ። ግራው ብቻውን ረዘም ላለ ጊዜ ተጫወተ፤ ከዚያ ቀኙ ተመለሰ።

«እዚህ ጋ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለ የባንኩ ሰው።

«አልተበላሸም» አልኩት። ያን ጊዜ ይህን ሲቀዳ በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ትንሿ አጠገቡ ተኝታ ነበር፣ ነቅታ አለቀሰች። እሱ ሳያቋርጥ በቀኝ ክንዱ አንስቶ ደረቱ ላይ አጣበቃት፤ በግራው እየተጫወተ አባበላት። ዝም ስትል መልሶ አስተኛት።

ትልቋ አባቷን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቅጂ አውጥታ፣ ከቅጂው ላይ የግራ እጁን ድርሻ በሙሉ አጠፋችና ኪቦርዱን ወደሱ ገፋችው። «አባዬ፣ ቀኙን ይኸው አለልህ። ግራው ያንተ ነው።»

«አል... አልችልም» አለ።

ተቆጣሁ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም! ግራህን የተወልህ ለምን መሰለህ? ተጫወት!»

ተጫወተ። መጀመሪያ ቀኙ ጥሎት እየሄደ አስቸገረው፤ የወጣትነት እጁ አይጠብቅማ። እስከ ሠርጉ ድረስ ከገዛ ወጣትነቱ ጋር እሽቅድምድም ይዞ ሰነበተ።

የሠርጉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙሽሪት በሩ ላይ ስትታይ ባሌ ጀመረ። ቀኙ ከዲስኩ፣ ግራው ከራሱ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ያ ዲስኩ እምቢ ይለው የነበረው ኪቦርዲስት ከመቀመጫው ብድግ አለ፣ ዜማው እስኪያልቅም አልተቀመጠም። ቀኙ ዝም የሚልበት ቦታ ሲደርስ ሙሽሪት አባቷ ዘንድ ደርሳ ነበር። ታሪኩን ቀድሜ ነግሬያት ነበር። ጎንበስ አለች፣ ጭኑ ላይ የተኛውን ክንድ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፣ ደረቱም ላይ ተለጠፈች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የባሌ ግራ እጅ ብቻውን ይሰማ ነበር። አንድም ቁልፍ አልሳተም።

ከኋላዬ የተቀመጡት የሙሽራው አክስት «ቀኝ እጃቸው ምን ሆኖ ነው የማይጫወተው?» ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ።

ዞር ብዬ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ልጁን ይዞ ነዋ!» አልኳቸው።